አራት ጣት ትርፍ

ልብስ ሰፊዋን በስሟ የሚጠራት ሰው ወደቡ ላይ የለም። ሁሉም «እትዬ ለምን» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት የጠላቂዎቹ አለቃ ነው፤ ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ቀን ገና ምሳ ሳይደርስ አስራ ሰባት ጊዜ «ለምን?» ብላ ጠይቃዋለች። ሰውየው ቆጥሮባታል። እሷ ደግሞ አስራ ስምንተኛውን ጨመረችለት፤ «ለምን ትቆጥራለህ?» አለችው።

መርከብ ውሃ ላይ ሲከርም ሆዱ አረምና ቅርፊት ያበቅላል። ይህን እየጠለቁ የሚፍቁ አስራ አንድ ጠላቂዎች አሉ፤ እነሱን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፏቸውን ጃኬቶች የምታጥበው፣ የምትጠግነውና ለየሰዉ የምትመርጠው እሷ ናት። ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ ሰፍታለች። ተሰፍቶ የሚመጣው ልብስ ደንበኞቿን አንድ በአንድ ሲወስድባት፣ አለቃው አንድ ቀን ኪሱ የተቀደደ ጃኬት ይዞ መጣ። «ይቺን ኪስ ብቻ ይስፉልኝ» አላት። ይኸው ያቺን ኪስ ስትሰፋ ዘጠኝ ዓመቷ።

እውነቱን ለመናገር ያስቀራት ኪሱ ሳይሆን ጉጉቷ ነው። ዕቃው ልብስ ይመስላል እንጂ ልብስ አይደለም። በውስጡ አየር የሚይዝ ከረጢት አለው፤ በግራ ትከሻ በኩል ቱቦ ይወርዳል፤ በቱቦው ጫፍ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ከጀርባ ካለው ሲሊንደር አየር ያስገባል፣ ሌላው ያስወጣል። አየሩ ሲበዛ ሰውየው ይንሳፈፋል፣ ሲያንስ ይወርዳል። ልኩን ሲያገኝ ግን ሳይወጣም ሳይወርድም ውሃው መሃል ይቆማል አላት አለቃው።

«ምን ላይ ነው የሚቆመው?»

«ምንም ላይ።»

«ለምን አይወርድም ታዲያ?»

«እትዬ፣ በእናትዎ፣ ሥራ አለብኝ።»

እሷ ራሷ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ባሕር ገብታ አታውቅም። ነገር ግን ምንም ላይ ሳይቆም የቆመ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሐሳቧ አልወጣም። ሳህን ስታጥብ ማንኪያውን ውሃው መሃል ለማቆም ትሞክራለች። ልጇ «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ትላታለች።

ጃኬቶቹን መያዝ ማንም አላስተማራትም፤ በመጠየቅና በመፈታታት ነው የለመደችው። በፊት ጠላቂዎቹ ከውሃ ሲወጡ ጃኬቱን ከላይ ከላዩ በቱቦ ውሃ አርሰው ምስማር ላይ ይሰቅሉት ነበር። አንድ ቀን አንደኛው ጃኬት፣ ማንም ሳይነካው፣ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ በራሱ ማበጥ ጀመረ። ጠላቂዎቹ ሳቁ፤ አንዱ «ጠበል ይረጭ» አለ። እሷ ግን ሲሊንደሩን ዘግታ፣ ቁልፉን ፈታ፣ ከሥሩ አንዲት የጨው ቅንጣት አወጣች። ከስኳር ቅንጣት አትበልጥም። ቁልፉን ይዛ ያስቀረችው እሷ ናት። ይህ ነገር ውሃ ሥር ሆኖ ቢሆን ሰውየውን ሳያስበው ሽቅብ ይተኩሰው ነበር። እትዬ ለምን ቅንጣቷን በወረቀት ጠቅልላ ለሁሉም አዞረች፤ «ይቺን እዩዋት፣ ይቺን! ሰው ልትገድል!» እያለች።

ከዚያ ወዲያ ሥርዓት ወጣ። ጃኬቱ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ይታጠባል። ንጹሕ ውሃ በቱቦው ይገባል፣ ጃኬቱ እንደ ሕፃን ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፣ ተገልብጦ እስከ ጠብታው ይፈስሳል። ቁልፎቹ ውሃው ውስጥ እንዳሉ ደጋግመው ይጫናሉ። ከዚያ ግማሹን ተነፍቶ ሰፊ መስቀያ ላይ በጥላ ይውላል፤ ፀሐይ ጨርቁን ትበላዋለችና። አጥፎ ሣጥን ውስጥ የከተተ ሰው ከእትዬ ለምን ምላስ እግዜር ይጠብቀው።

መምረጡንም ለወጠችው። ከእሷ በፊት አለቃው ሰውየውን አየት አድርጎ «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ» ብሎ ይወረውርለት ነበር። «ሰው ሦስት ዓይነት ብቻ ነው እንዴ?» ብላ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች። ትከሻ ለካች፣ ወገብ ለካች፣ «ስትዋኝ የትኛው ጎንህ ይቀድማል?» ብላ ጠየቀች። ጠላቂዎቹ ያጉረመርማሉ፤ ግን ጃኬቱ ትከሻቸው ላይ መንሸራተት ሲተው ዝም አሉ።

አንድ አመል ብቻ አልለቀቃትም። የተንጠለጠለ ጫፍ አትወድም። ሠላሳ ዓመት ትርፍ ክር ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት። የጃኬቶቹ ማሰሪያዎች ደግሞ ሁሉም በዘለበት ውስጥ ካለፉ በኋላ ጫፋቸው ይንዘላዘላል። ባየችው ቁጥር ጣቷን ይበላታል። ዘጠኝ ዓመት ታገሰች። አሥረኛው ሊገባ ሲል ልጇ አገባች።

ያገባችው ከጠላቂዎቹ አንዱን ነው፤ ሳቂታው የሚሉትን። ደረቱ እንደ በር የሰፋ፣ ሲስቅ የወርክሾፑ መስኮት የሚርገበገብ ሰው። አማቿ ከሆነማ እንደ ማንም ሊለብስ ነው? ካሉት ሁሉ ጥሩውን ጃኬት መረጠችለት። ለካችው፣ አስተካከለችው፤ ከዚያም መቀሷን አንስታ የተንዘላዘሉትን ጫፎች ከደረቱም ከሆዱም ቆረጠቻቸው። ጫፋቸው እንዳይተረተር ደግሞ እጥፍ አድርጋ ዘመዘመችው። ሳቂታው መስታወት ፊት ቆመ፤ አንድ የሚወዛወዝ ነገር የለበትም። «ሙሽራ መስለሃል» አለው አለቃው። እትዬ ለምን የዚያን ዕለት ደስታዋን የምታደርግበት አጣች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም አልሆነም። ባሕሩ ጸጥ ያለ ስለነበር ጠላቂዎቹ ሲወጡ ጃኬታቸውን ግማሽ ብቻ ነፍተው ጀልባዋ ላይ ይወጡ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ነፋስ ተነሣ። ሳቂታው ሥራውን ጨርሶ ብቅ ሲል ጀልባዋ በማዕበሉ ርቃለች። ራሱን ከውሃው በላይ ለማቆየት ጃኬቱን እስከ ጥግ ነፋው። ጀልባዋ ስትደርስ ያዩት ነገር የሚታመን አልነበረም። ሳቂታው ጃኬቱን አውልቆ ጥሎ፣ በባዶ ደረቱ ከማዕበሉ ጋር ይታገላል። ጃኬቱ አምስት ክንድ ርቆ ደህና አድርጎ ይንሳፈፋል።

ለጠላቂ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም። የሚያንሳፍፈውን ነገር ውሃ ላይ የሚያወልቅ የደነገጠ ሰው ብቻ ነው። አለቃው ጃኬቱን መረመረ፤ አየር አያስወጣም፣ ቁልፎቹ ይሠራሉ። በራሱ ላይ ለብሶም እስከ ጥግ ነፋው፤ ምንም አልሆነም። «ጃኬቱ ሳይፈራ አንተ ፈራህ» አለው በሰው ፊት። ቃሉ ከምሳ በፊት ወደቡን አዳረሰ።

ነገሩ በስድብ ብቻ ቢያልቅ ደግ ነበር። አርብ ጠዋት የዓመቱ ጠላቂዎች ስም ዝርዝር ለመርከቦቹ ይላካል፤ ስሙ ያልገባ ሰው ያን ዓመት አይጠልቅም። «ፈርቶ ወጣ» የተባለን ደግሞ ሌላም ወደብ አይቀበለውም። ሳቂታው ከጠላቂነት ወርዶ ጀልባ ላይ ገመድ ያዥ እንዲሆን ተወሰነ።

ማታ እራት ላይ አማችየው አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እትዬ ለምን ልታጽናናው ፈለገች፤ ልቧ ደግ ነው፣ አፏ ግን አንዳንዴ ይቀድማታል። «ልጄ፣ ሰው ይፈራል፤ ነውር አይደለም» አለችው። ማንኪያውን አስቀመጠ፣ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ልጇ በእንባ አየቻት።

«እማዬ፣ እሱ ‹ፈራሁ› አላለም እኮ። ‹ጠበበኝ› ነው ያለው።»

«ምን አለ?»

«‹ጠበበኝ፣ መተንፈስ አቃተኝ› አለ። ማንም አልሰማውም።»

ወይ ጉድ! ሠላሳ ዓመት ከእጇ በወጣ ልብስ ላይ ይህን ቃል ሰምታ አታውቅም። መጀመሪያ ተናደደች። «የእኔ ሥራ? ልኩን እኮ በገዛ ሜትሬ ነው የወሰድኩት!» ከዚያ ንዴቷ ሲበርድ ያ የለመደ ጥያቄዋ ብቻውን ቀረ። ለምን ጠበበው?

ረቡዕ ጠዋት ጃኬቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች። በርሜል ውስጥ ነክራ አረፋ ፈለገች፤ የለም። ቁልፎቹን ፈታ ጨው ፈለገች፤ የለም። አየር ሲበዛ በራሱ የሚከፈተውን ማስተንፈሻ ሞከረች፤ ይሠራል። ከድሮ ሱቋ ያመጣቻት የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት ነበረቻት፤ እሷን አልብሳ እስከ ጥግ ነፋችው። ልክ ነው። እንደ ሱፍ ኮት ተቀምጧል። ሐሙስም እንዲሁ ዋለች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አሻንጉሊቷ ፊት ቆማ ስትተክን አንድ ነገር መጣላት። አሻንጉሊት አትተነፍስም። አለቃውስ? አለቃው ይተነፍሳል፣ ግን ደረት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ እንደ መጥረጊያ እንጨት ነው። «እኔ ግን» አለች እትዬ ለምን ራሷን አየት አድርጋ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደረት አላነሰኝም።»

በሩን ዘግታ ጃኬቱን ለበሰችው። ዘለበቶቹን ቀጭ ቀጭ አደረገች። ባዶውን ሳለ እንዴት ይመቻል! ጠረጴዛው ላይ ካለው ሲሊንደር ጋር አገናኝታ የአየር ቁልፉን ተጫነች። ጎኗ ሞላ፣ ጀርባዋ ሞላ፤ አሁንም ተጫነች። ያን ጊዜ ነገሩ መጣ። ከረጢቱ ወደ ውጭ ብቻ አይነፋም፤ ወደ ውስጥም ይነፋል። ደረቷን ከፊትም ከኋላም አቀፋት፣ ጨመቃት። ትንፋሽ ልትስብ ሞከረች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረባት። ማሰሪያውን ላላ ላደርግ ብላ ጎተተችው፤ ዘለበቱ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። እንደገና ጎተተች፤ አሁንም ቀጥ። ዓይኗ ሲጨልም እጇ ማስተንፈሻውን አገኘው፤ አየሩ ፉ ብሎ ወጣ፤ እሷም ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች።

ትንፋሿ ሲመለስላት ማሰሪያው ለምን ቀጥ እንዳለ አየች። ጫፉ ላይ ያለው እጥፍ ዝምዝማት ነው፤ ወፍሮ በዘለበቱ ቀዳዳ አያልፍም። ስፌቱን አወቀችው። ማን አያውቀውም? የራሷ ነው። የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዋን ከፍታ ገለባበጠች፤ ልብስ ሰፊ ቁራጭ አይጥልምና የቆረጠቻቸው ጫፎች ተጠቅልለው እዚያው አሉ። በእጇ ለካቻቸው። እያንዳንዳቸው አራት ጣት ናቸው። ያ ባየችው ቁጥር የሚያሳክካት ትርፍ፣ ጃኬቱ ሲነፋ ሰውየው የሚተነፍስባት ቦታ ኖሯል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

አለቀሰች። ባሕሩ ላይ አንድ ሰው ሊሞት ነበር፤ ያውም የልጇ ባል፤ ያውም እሷ ልታሳምረው ብላ። «ሰው ይፈራል» ያለችው ትዝ ሲላት ምላሷን ነክሳ መቁረጥ አማራት።

እንግዲህ እዚህ ላይ እትዬ ለምን መልአክ ነበረች ብዬ አልዋሽም። መርፌዋ ውስጥ ክር አስገብታ ነበር። አዲስ ማሰሪያ መስፋት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ማንም አያውቅም። አለቃው ሥራ ሲሰጣት የነገራትን ታስታውሳለች፤ «እዚህ የምንይዘው የሰው ነፍስ ነው፤ አንድ ስህተት ካየሁ በዚህ በር አይገቡም።» በዚህ ዕድሜዋ ወዴት ትሄዳለች? «ሆዴ ይፍጀው ልበል?» አለች ለአሻንጉሊቷ። አሻንጉሊቷ ዝም አለች።

ነገር ግን ሁለት ቀን ሙሉ የፈለገችውን መልስ አግኝታ ለማንም ሳትናገር መኖር ለእሷ ዓይነት ሰው አይቻልም። ከዚያም በላይ፣ እሷ ሰፍታ ዝም ብትል ሳቂታው ለምን እንደጠበበው የሚጠይቅ ሌላ ሰው አይኖርም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆኖ ይቀራል። መርፌውን መሰኪያ ትራሱ ላይ መልሳ ሰካችው።

አርብ ጠዋት አለቃው ዝርዝሩን ይዞ ጠላቂዎቹን ሰበሰበ። ሳቂታው በር አጠገብ ገመድ እየጠቀለለ ቆሟል። እትዬ ለምን ጃኬቱን በአንድ እጇ፣ ቆርቆሮዋን በሌላው ይዛ ገባች።

«አለቃ፣ ወረቀትህን ከመላክህ በፊት አንድ ጊዜ ስማኝ። ልጁ አልፈራም። ጃኬቱ አፍኖት ነው። ያጠበብኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰቻቸው። አለቃው አያቸው።

«እትዬ፣ አማችዎን ማዳን ፈልገው ነው፤ ይገባኛል። ግን እኔ ራሴ ለብሼዋለሁ፤ ምንም አልጠበበኝም።»

«አንተ ደረት አለህ እንዴ?»

ጠላቂዎቹ ሳቃቸውን አፈኑ። እሷ አልሳቀችም። ጃኬቱን ለበሰች፣ ዘለበቶቹን ቆለፈች፣ ጥጉ ላይ ካለው ሲሊንደር ጋር አገናኘችው፣ ቱቦውን አለቃው እጅ ላይ አስቀመጠችው። «ተጫን። እስከ ጥግ።» ተጫነ። ጃኬቱ አበጠ። «አሁን… አውሪ… ብትለኝ…» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣትም። ፊቷ ጠቆረ። ለመሳቅ ሞከረች፤ የወጣው ጢን የምትል ድምፅ ናት። ማሰሪያውን እያሳየች ጎተተችው፤ ቀጥ አለ። ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ጠፋ። በር አጠገብ የነበረው ሳቂታው ነው ገመዱን ጥሎ ሮጦ ማስተንፈሻውን የሳበላት።

አለቃው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከዚያ እስክሪብቶውን አውጥቶ በዝርዝሩ ግርጌ አንድ ስም ጻፈ። ወደ ሳቂታውም ዞሮ «ያልኩህን በሰው ፊት ነው ያልኩህ፤ በሰው ፊት ይቅር በለኝ» አለው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«እርስዎን ምን ላድርግዎ?»

«የፈለግከውን አድርገኝ። በሩም ያው ነው፣ እኔም ያው ነኝ።»

«መቀስዎን ያምጡ» አላት። አመጣች። ቢሮው ውስጥ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለው። «እኔ ካልፈቀድኩ አይነኩትም። ሌላው ሥራ እንደነበረ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ማንም ጠላቂ እርስዎ ፊት፣ የብስ ላይ፣ ጃኬቱን እስከ ጥግ ነፍቶ ካልሳቀ ውሃ አይገባም። መሳቅ ካቃተው ጠቦታል ማለት ነው።»

ሰኞ ዕለት ሳቂታው ጃኬት ሊመርጥ መጣ። ከማክሰኞ ወዲህ ቤትም ሲገባ ሲወጣ ሰላም ከማለት በቀር አላናገራትም፤ ጥርሱንም ያየ ሰው የለም። እሷም ቀና ብላ ሳታየው ለካችው። ትንፋሽ ያልሳበ ደረቱን አልለካችም፤ «ሳብ» አለችው፤ ትንፋሹን እስከ ታች ሳበ፤ ያን ጊዜ ነው ሜትሯን ያዞረችው። ሰፋ ያለውን አወረደችለት። ማሰሪያዎቹ ከነሙሉ ጫፋቸው ናቸው። ለበሰ፤ ነፋው፤ ሲነፋ ማሰሪያውን ላላ አደረገ፤ በዘለበቱ ውስጥ ሄደለት። እሷ የቀኝ እጇን አራት ጣቶች በማሰሪያውና በደረቱ መሃል ሰካች።

«በል ሳቅ።»

አልሳቀም።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ፈራ ሲሉ እርስዎም አምነው ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር። «አምኜ ነበር» አለች። «ሁሉን የምጠይቅ ሴት አንተን ብቻ ሳልጠይቅህ ቀረሁ። ይቅር በለኝ ልጄ።»

ውጭ መርከብ ጮኸ። የሆዱ ማሰሪያ ትርፍ ጫፍ ከሆዱ በታች ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የእትዬ ለምን ዓይን እዚያ ላይ አረፈ። እጇም፣ እሷ ሳታውቀው፣ የግራ እጇ ተነሣ፤ ጠቋሚና መሃል ጣቷ ተከፈቱ፤ ሄደው ጫፉን እንደ መቀስ ግጥም አድርገው ያዙት።

ሳቂታው ጣቶቿን አየ። ፊቷን አየ። መልሶ ጣቶቿን አየ።

«እማማ! አሁንም?»

እሷም ያን ጊዜ እጇን አየችና በድንጋጤ ለቀቀች። ይሄኔ አፈነዳው። ያ የድሮ ሳቁ፣ ከሆዱ ተነሥቶ መስኮቱን ያርገበገበው። ጠላቂዎቹ ከግቢው ምን ሆነ ብለው መጡ። እሷ እንባዋ እየወረደ ቀኝ እጇን ግን አላወጣችም። ደረቱ በእያንዳንዱ ሳቅ ወደ ጣቶቿ ይመጣል፣ ይመለሳል፤ ይመጣል፣ ይመለሳል፤ አንድ ጊዜም አልጨመቃቸውም።

«ልክህ ነው» አለችው። «ውረድ።»